ቦሎ ስለ ተነፈጋቸው ነጫጭ መብራቶቼ

ለተከበሩ የአሽከርካሪዎችና ተሽከርካሪዎች ጉዳይ ኃላፊ፣
ባሉበት

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ለእርስዎም፣ ለቤተሰብዎም፣ መኪናዬን በምርመራ ለጣሉብኝ ባለሙያዎችዎም ጤና ይስጥልኝ። እኔ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሰው የማመላልስ የአሮጌ ዲኤክስ ባለቤት ስሆን፣ ቦሎ ስለ ከለከላችሁኝ መኪናዬ ደጄ ላይ ከቆመች አሥራ አንድ ቀን ሆኗታል። በእነዚህ ቀናት ባለቤቴ ቻይነሽ ስለ መኪና መብራት ያላትን አስተያየት ሳትሰስት ስላካፈለችኝ እርስዎን ከልብ አመሰግናለሁ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ጥቅምት ከቡሬ ስመለስ፣ ፀሐይ እንደ ጠለቀች፣ የሰፈራችንን ባለጋሪ የአለኸኝን የፈረስ ጋሪ ለጥቂት ከመግጨት ስተርፍ ነው። ፈረሱ ቀድሞ አይቶኝ ወደ ቦዩ ወረደ። ክፉኛ ደነገጥሁ፤ ጥፋቱንም ወዲያው በቢጫዎቹ አምፖሎች ላይ ጣልሁ። የፊቱንም የኋላውንም የፍሬቻውንም ነጭ የኤልኢዲ አምፖል ከአዲስ አበባ አስመጥቼ፣ ማንንም ሳላማክር በገዛ እጄ ገጠምሁ። ቅሬታዬም እንደሚከተለው ነው።

፩. ፍሬቻዬ ከልክ በላይ ይፈጥናል መባሉ። ኤልኢዲ የሚወስደው ኃይል ትንሽ ስለሆነ መኪናዋ አምፖል የተቃጠለባት እየመሰላት ትጣደፋለች ሲሉ መርማሪዋ ወይዘሪት ንጋት አስረድተውኛል። በዚሁ ፍሬቻ ግን ቡሬ መግቢያ ላይ ወደ ቀኝ ስታጠፍ ሙሽራ የያዝሁ መስሏቸው ሴቶች እልል ብለውልኛል፤ ሦስት ባጃጆችም ጡሩምባ እየነፉ እስከ ጋራዥ በር አጅበውኛል። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ያገኘሁትን ክብር መንጠቅ ምን ይባላል?

፪. የኋላ መብራቴ ቀይ ሳይሆን ሮዝ ነው መባሉ። ከቀይ ሽፋን ጀርባ ነጭ አምፖል መግጠሜ እውነት ነው። እኔ ግን ቀይ ሆኖ ነው የታየኝ።

፫. የፊት መብራቴ ከመንገዱ ይልቅ የመጪውን ሹፌር ዓይን ያበራል መባሉ። መስታወቱ ለድሮው አምፖል የተሠራ በመሆኑ ብርሃኑን ይበትነዋል አሉ። ይህን አልክድም፤ አንድ የአይሱዙ ሹፌር መኪናቸውን አቁመው፣ ወላጆቼን ጭምር እያነሱ፣ በሰፊው አስረድተውኛል።

፬. ከሁሉ የከፋው፣ ወይዘሪት ንጋት የጉድለቱን ዝርዝር ሰጥተውኝ ወረቀቱን አፍንጫዬ ድረስ ሳስጠጋ ካዩ በኋላ፣ መብራቱን ከመቀየሬ በፊት ዓይኔን ታይቼ እንደሆነ በሰው ፊት መጠየቃቸው ነው። ተቆጥቼ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ግን በነጩም መብራት ጋሪና የጭድ ክምር መለየት አቅቶኛል። ይህን ለቻይነሽ እንኳ አልነገርኋትም፤ ከመንዳት ሌላ ሥራ ስለማላውቅ ፈራሁ። የአለኸኝ ፈረስ ሁልጊዜ እየቀደመ አያየኝም። ስለዚህ ሐኪም እስኪያየኝ ድረስ መንጃ ፈቃዴን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ መልሻለሁ።

አምፖል በመቀየር ዓይን የሚድን የመሰለው፣
ቅሬታ አቅራቢም ጥፋተኛም የሆነው ትሑት ደንበኛዎ፣
ይርሳው ላቀው፣ ከፍኖተ ሰላም

ማስታወሻ፦ አምና መንጃ ፈቃዴ ሲታደስ ዓይኔ ጤነኛ ነው ብላችሁ ማኅተም ስለመታችሁልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የግድግዳውን ፊደል አላየሁትም፤ ወረፋ ስጠብቅ ከፊቴ የነበሩት ስድስት ሰዎች ሲያነቡ ሰምቼ በቃሌ ያዝሁት። ልጅ ሳለሁ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊትን የያዝሁት በዚሁ መንገድ ስለነበር አልከበደኝም። ተራዬ ደርሶ አንድም ሳልሳሳት ሳነበንበው፣ ፈታኙም ቀና ሳይሉ ፈረሙልኝ። የፊደሉ ሰሌዳ ተራዬ ከመድረሱ በፊት ከግድግዳው ተነቅሎ ወደ ሌላ ክፍል መወሰዱን የሰማሁት ደጅ ከወጣሁ በኋላ ነው።