የየብርጓል በዘጠኝ ይካፈል

እናትዓለሜ፣
ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ይፋግ የሚወስደን መኪና ደጅ ላይ ጡሩንባውን እየነፋ ነው፤ በጽሕፈቴ አትሳቂ።

ሽሮ ለምሳችሁ ሠርቻለሁ። ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጭኛለሁ፤ የጎረቤታችንን ድመት ታውቂያታለሽ።

የክፍልሽን ሮስተር ዛሬ ጧት እንደገና አየሁት። ትናንት «የየብርጓል አማካይ እንዴት እንዲህ ወረደ?» ስትዪኝ «ካልኩሌተር አይሳሳትም!» ብዬ ጮህሁብሽ አይደል?
እሱስ አልተሳሳተም።
ልጅቱ እግሯን ስለሚያማት ስፖርት አትማርም፤ ትምህርቷ ዘጠኝ ነው። ክፍሉን በሙሉ በአሥር ያካፈልሁት እኔው ነኝ። የእሷ ድምር፣ 828፣ በዘጠኝ ሲካፈል ዘጠና ሁለት ይመጣል። አንደኛ እሷ ናት። ሮስተሩን አርሜዋለሁ፤ ካርዶቹን አንቺ ሙዪ፣ የወላጆች ቀን ነገ ነው።

እስክሪብቶሽን ይዤው ሄጃለሁ። ማበጠሪያዬን ማን እንደወሰደው አልጠይቅም።

በዘጠና አንድ ሁለተኛ የሆነው ወንድሜ ቡርሀን ነው። ትናንት «አንደኛ ወጥተሃል» ብዬው ዓባይ ማዶን በሙሉ በወሬው አዳርሶታል። ለምሳ ሲመጣ አንቺ ንገሪልኝ።

ሽሮውን በልቶ ከጨረሰ በኋላ።

ዘኪያ