ባዶ መሬት የተባለው መቃብር፦ የመምህርት ሎሚ ጉደታ የሕይወት ታሪክ (ከ1950 እስከ 2017 ዓ.ም.)

መምህርት ሎሚ ጉደታ ከአባታቸው ከወንጌላዊ ጉደታ ቶኩማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉብርሃን ገብረወልድ በ1950 ዓ.ም. ከዓለም ጤና ብዙም በማትርቀው በትንሿ ቡርቃ ዲማ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ያረፉት እሳቸው ገና የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ ነበር። በዚያ ዘመን የከተማዋ የወንጌል አማኞች የራሳቸው የቀብር ቦታ አልነበራቸውም። ስለዚህ ከወንዙ ማዶ ባለው ቀይ መሬት ላይ፣ ቁልቋል አጥረው ሙታናቸውን ያሳርፉ ነበር። በመቃብር ላይ ድንጋይ መትከል ለሞተ ሰው መስገድ ይመስላል ብለው ስለሚያምኑ ስም ያለበት ሐውልትም ሆነ መስቀል አያቆሙም ነበር። ወንጌላዊ ጉደታም በዚያው በቁልቋሉ አጥር ውስጥ ያለ ምንም ምልክት ተቀበሩ።

መምህርት ሎሚ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በቡርቃ ዲማና በአዳማ ተከታትለው በ1972 ዓ.ም. በጂኦግራፊ ትምህርት በዲፕሎማ ተመረቁ። የመጀመሪያ ሥራቸውም ባደጉባት ከተማ ማስተማር ነበር። በ1974 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ባለሙያው ከአቶ መሳይ ኪሩ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ሊዲያንና አዶኒያስን ወልደዋል። በ1979 ዓ.ም. ወደ አዳማ ተዛውረው ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አገልግለዋል። ባለቤታቸውን በ2001 ዓ.ም. በሞት አጥተዋል።

እስከዚህ ድረስ ያለው የማንም ደህና ሰው ታሪክ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት እኔ፣ የወንድማቸው የፈቃዱ ልጅ ሃዊ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን እንድተወው በሽማግሌዎች ተመክሬአለሁ። «ለቀብር ፕሮግራም አይሆንም፤ ደግነታቸውን ብቻ ጻፊ» ተብያለሁ። ደግ ነበሩ። ግን የሕይወት ታሪክ ጻፊ የተባለ ሰው ግማሹን ሕይወት ዘሎ አያነብም።

መምህርት ሎሚ ከማስተማሩ ጎን ለጎን የትውልድ ከተማቸውን የድሮ ካርታዎች ይሰበስቡ ነበር። አንዱን አዲስ አበባ ገዝተው፣ ሌላውን ከመሥሪያ ቤት ለምነው፣ ከአውሮፕላን የተነሳ የቆየ ፎቶግራፍም አስገልብጠው ነበር። ድልድዩንና የድሮውን ወፍጮ ቤት መነሻ እያደረጉ፣ ሁሉንም ወደ አንድ መጠን አምጥተው በስስ ወረቀት እየገለበጡ፣ ብርሃን እንዲያሳልፍ በሳሎናቸው መስኮት ላይ አንዱን በሌላው ላይ ያነባብሩታል። ገበያው ስንት ጊዜ እንደተነሳ፣ ጨፌው መቼ ደርቆ ሽንኩርት እንደተተከለበት፣ አሸዋ አውጪዎች ወንዙን ወዴት እንደገፉት የሳሎናቸውን መስኮት ብቻ አይተው ይናገራሉ። በአዲሱ ፕላን ላይ ወንዙ የነበረበት መንገድ ተብሏል፤ ክረምት ሲገባ ግን ውኃው ፕላን ስለማያነብ በድሮ ቤቱ ይመጣል እያሉ ይስቁ ነበር።

ሳቃቸው በ2011 ዓ.ም. አበቃ። በአዲሱ የከተማዋ ፕላን ላይ ያ በቁልቋል የታጠረ ቦታ «ክፍት ቦታ» ተብሎ ተጽፎ ለሆቴል ግንባታ ተሰጠ። በፎቶግራፉ ላይ የአፈሩ ጉብታ አንድ በአንድ ይታያል፤ በ1960ዎቹ በታተመው ካርታ ላይም «መቃብር» የሚል ጽሑፍ አለበት። መምህርት ሎሚ ሁለቱንም ይዘው ወደ ከተማዋ ማዘጋጃ ቤት በሚኒባስ ተመላለሱ። የሚያናግራቸው ሲያጡም የገዛ ቤተ ክርስቲያናቸውን ሽማግሌዎች ለምስክርነት ጠሩ።

ምስክሮቹም መጡ። ሰብሳቢያቸው አቶ ጋሮምሳ ነበሩ፤ ካርታ ማንበብ ያስተማሯቸው መምህርት ሎሚ ናቸው። የአቶ ጋሮምሳ አያት በዚያው ቁልቋል ውስጥ ነው የተቀበሩት። እሳቸው ግን «ልጅ ሆነን ኳስ የምንጫወትበት ሜዳ ነው፤ መቃብር መሆኑን አላውቅም» ብለው ፈረሙ። የቀሩትም ተከትለው ፈረሙ። ብዙ ሳይቆይ ለቤተ ክርስቲያኗ አስፋልት ዳር ለአዳራሽ የሚሆን ቦታ ተሰጣት፤ ሽማግሌዎቹም ለእግዚአብሔር መንግሥት ይጠቅማል ብለው አጸደቁት። ሰው አያቱን ይክዳል፤ ክዶ ሲያበቃ ደግሞ ቆሞ ይዘምርበታል።

በ2013 ዓ.ም. ለሆቴሉ ሽንት ቤት ጉድጓድ ሲቆፈር አጥንት ወጣ። ሥራው ግን አልቆመም። አጥንቱ ከአፈሩ ጋር በገልባጭ መኪና ተጭኖ የከተማው ቆሻሻ በሚጣልበት ገደል ተደፋ። መምህርት ሎሚ ወሬውን ሰምተው ከአዳማ ሲደርሱ ውሾች ቀድመዋቸው ነበር። የስድሳ ሦስት ዓመት ሴት ከፌስታልና ከበሰበሰ ሽንኩርት መሃል በእጃቸው ለቀሙ። አባታቸው ይሁኑ የሌላ ሰው አባት፣ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ያገኙትን ሁሉ በነጠላቸው ጠቅልለው አዳማ አምጥተው፣ ለራሳቸው በያዙት የመቃብር ቦታ ፈቃድ ጠይቀው አስቀበሩ። ያን ነጠላ ሁለተኛ አልለበሱትም፤ አብሮ ተቀብሯል።

ከዚያ በኋላ ስለ ወንዙም ስለ ገበያውም ማጥናት ተዉ። ምኞታቸው ከአባታቸው አጠገብ መቀበር ነበር፤ አባታቸው የተቀበሩበት ቦታ ላይ ግን ሽንት ቤት ተሠርቷል። ካርታዎቹን ለልጃቸው ለሊዲያ አስረክበው፣ ይህ ሁሉ እንዴት እንደደረሰ ለሚጠይቃቸው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይመልሱ ነበር፤ ስህተቱ የጀመረው ድንጋይ ካለማቆማችን ነው፤ ትሕትና መስሎን ሙታኖቻችንን ለቀማኛ አመቻቸንለት ይሉ ነበር።

መምህርት ሎሚ ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በአዳማ ሲታከሙ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን አቶ ፈቃዱን ትተው ሄደዋል።

ከቀብር መልስ ለቅሶ የሚቀመጠው በመኖሪያ ቤታቸው ነው። ከቡርቃ ዲማ ለሚመጡ ለቀስተኞች የሆቴሉ አዳራሽ ከነምሳው በነጻ እንደተፈቀደ በአቶ ጋሮምሳ በኩል ተነግሮናል። ቤተሰቡ አልተቀበለውም። መምህርት ሎሚ በአባታቸው ላይ ወንበር ተዘርግቶ ንፍሮ የሚበላላቸው ሰው አይደሉም።

በኑዛዜያቸው መሠረት ዛሬ በመቃብራቸው ላይ ድንጋይ ይቆማል። ስማቸው እንዲጻፍበት አልፈለጉም፤ አብረዋቸው የሚያርፉት ስም የላቸውምና። ከባዶ መሬት ስር እያንዳንዱን በስሙ የሚያውቅ ጌታ ነፍሳቸውን ያሳርፍ። ድንጋዩ ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተጻፈው ይህ ብቻ ነው፦ እዚህ ሰው አለ።