ካርዱ ላይ ስላለችው ጥርሰ ወላቃ ሕፃን

ለከተማችን ትራንስፖርት ቢሮ
የተማሪዎች ነጻ የጉዞ ካርድ ክፍል
ለተከበሩ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ለተደረገልን ቸርነት ምስጋና ስለማቅረብ፣ እንዲሁም ከቸርነቱ መውጫ በር እንዲጠቆመን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ ደህና ናቸው? ዓይንዎን ለይቼ የጠየቅሁት በክፋት አይደለም፤ ከክፍልዎ የሚወጡትን ፎቶግራፎች ያየ ዜጋ ሁሉ ለዓይንዎ ሳይጸልይ ስለማያድር ነው። እኔና ቤተሰቤ፣ ለእርስዎ ምስጋና ይግባና፣ ደህና ነን። ደህና ስል ባለንበት ቆመናል ማለቴ ነው፤ መንቀሳቀሱ ነው ያቃተን።

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሱቄ አንድ ወንበርና አንድ ትልቅ መስተዋት ያላት፣ ከአውቶቡስ ፌርማታው ፊት ለፊት የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ደንበኛ ሲቀመጥ ፊታችን ወደ መስተዋቱ፣ ጀርባችን ወደ መንገዱ ስለሚሆን አውቶቡሶችዎን ሁሉ የማያቸው በመስተዋት ነው፤ ወደ ግራ የሚሄደው ወደ ቀኝ ሲሄድ እያየሁ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። ስለዚህ የተገላቢጦሽ ነገር ብርቄ አይደለም፤ የክፍልዎም አሠራር ከሌላው ዜጋ ቀድሞ ሊገባኝ በተገባ ነበር። ምን ያደርጋል፣ አልገባኝም።

አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ዘንድሮ የመልቀቂያ ፈተና ትወስዳለች። ትምህርት ቤቷ ከተማውን አቋርጦ በወዲያኛው ጫፍ ነው፤ ወደዚያ የሚሄደው የእርስዎ አውቶቡስ ብቻ ነው፤ በእግር ልሂድ ያለ ሁለት ክፍለ ጊዜ ያልፈዋል። ለተማሪዎች ነጻ ካርድ ሊሰጥ ነው የተባለ ዕለት በሰፈራችን ከእኔ በላይ የፈነደቀ አልነበረም። ከእርስዎ ቸርነት እኔም ትንሽ ልቋደስ ብዬ ለፎቶ የሚሄዱትን የሰፈሩን ልጆች በሙሉ በነጻ አስተካከልኩ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ የሆነውን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ጥፋቱ የእኛ ነው። ፎቶ በሚነሱበት ቀን ልጄ ተራዋ ሲደርስ፣ ከኋላዋ የቆመች አንዲት የአንደኛ ክፍል ሕፃን ሽንቷ መጥቶ እግሯን እያጣመረች ስታለቅስ ብታያት አንጀቷ አልችል ብሎ አስቀደመቻት። ሠራተኛዎ ደግሞ ስም የሚጠሩት ከዝርዝራቸው፣ ፎቶ የሚያነሱት ከፊታቸው የቆመውን ሆነና፣ የልጄን ስም በሕፃኗ ፊት፣ የሕፃኗን ስም በልጄ ፊት አስረው አሰናበቷቸው። ታናሽን ማስቀደም በከተማችን እንዲህ ያለ ቅጣት እንዳለው ሳናውቅ ልጅ ማሳደጋችንን በትሕትና እናምናለን። ካርዱ ሲመጣ ስሙ የልጄ፣ ትምህርት ቤቱ የልጄ፣ የትውልድ ዘመኑ የልጄ ነው፤ ፊቱ ግን ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀው እስከ ጆሮዋ የምትስቅ የሰው ልጅ ነው። ይዘነው ወደ መስኮትዎ ስንመጣ ሠራተኛዎ ካርዱንና ልጄን እያፈራረቁ ተመልክተው “ልጅ ያድጋል” አሉን። ማደጉንስ ያድጋል። ከሰባት ዓመት ተነስቶ በአንድ ወር ውስጥ አሥራ ስድስት የሚያስሞላው እህል የት እንደሚሸጥ ቢጠቁሙን ግን ውለታዎ ከፍ ያለ ይሆን ነበር።

ሁለተኛ፦ በአውቶቡሶችዎ ውስጥ ከሾፌሩ ራስ በላይ የተለጠፈውን ትእዛዝ በታላቅ አክብሮት አንብቤዋለሁ። ዩኒፎርም ከለበሰ ተማሪ ገንዘብ የተቀበለ ትኬት ቆራጭ ከሥራው ይባረራል ይላል። ልጆቻችን እንዳይበዘበዙ ታስቦ መሆኑን ስረዳ ልቤ ተነካ። ከሥሩ ያለው መስመር ደግሞ የራሱ ፎቶ ያለበትን ካርድ ያልያዘ ተማሪ አይሳፈርም ይላል። እንግዲህ ልጄ በነጻ ልሂድ ስትል የታችኛው መስመር ያወርዳታል፤ እሺ ልክፈል ስትል የላይኛው መስመር ያወርዳታል። ከፍሎም ሳይከፍልም የማይሳፈር ፍጡር በዓለም ላይ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ክፍልዎ ፈጥሮ አሳየን።

የመጀመሪያውን ቀን በመስተዋቴ አይቼዋለሁ። አንዱን ደንበኛ ግማሽ ጺሙን ላጭቼው፣ ግማሹ ሳሙና እንደለበሰ፣ ምላጬም ጉሮሮው ላይ እንዳለ፣ ከጀርባዬ ልጄ አውቶቡስ ላይ ወጣች፣ ወረደች። ሌላው መጣ፤ ወጣች፣ ወረደች። ትኬት ቆራጩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እኔም የማሳድጋቸው አሉኝ እህቴ፣ አታስባርሪኝ ብሎ ለምኗት ነው። ሮጬ እንዳልወጣ የሰው ጉሮሮ እጄ ላይ ነው፤ ዝም እንዳልል የልጄ ፊት መስተዋቱ ውስጥ ነው። ደንበኛዬ ምላጬ ባለበት መቆሙ ተሰምቶት ኖሮ ዓይኑን ጨፈነ። በዚያን ዕለት በእግሯ ተጉዛ ስትደርስ የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቶ ነበር።

ሦስተኛ፦ መፍትሔ ፍለጋ ደጅዎን እንደጠናሁ መስኮቶችዎ ይመሰክራሉ። ካርዱ እንዲስተካከል ሁለቱ ልጆች ከሁለቱ ካርዶች ጋር፣ ከወላጆቻቸው ጋር፣ በአንድ ቀን አብረው መቅረብ አለባቸው ተባልኩ። የሕፃኗን ቤት ጠይቄ ጠያይቄ ብደርስበት ቤተሰቧ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ከተማ ከሄደ ሰንብቷል፤ የልጄንም ፊት ይዘው ሄደዋል። ተመልሼ ይህን ብናገር፣ እንግዲያውስ አዲስ ካርድ የሚሰጠው አሮጌው ለጠፋበት ብቻ ነው አሉኝ። በቃ ጠፍቷል ቁጠሩት ብል፣ አባባ በእጅዎ ይዘውት አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ይዤዋለሁ።

ስለዚህ ልጥለው ወሰንኩ። ዜጎችዎ ግን እንዴት ያሉ ደጎች ናቸው ክቡር ሆይ! መጀመሪያ ገበያ መሐል ጣልኩት፤ አንዲት አትክልት ሻጭ የሕፃኗን ፎቶ አይታ፣ ይህች ምስኪን በምን ልትሄድ ነው ብላ ሥራዋን ጥላ ትምህርት ቤቱ ድረስ አደረሰችው። ልጄም ንብረቷን በአግባቡ ባለመያዟ በሰልፍ ፊት ተገሠጸች። ሁለተኛ ጊዜ ቦይ ውስጥ ከተትኩት፤ ያየኝ አንድ መንገድ ጠራጊ ወድቆብኝ መስሎት አጥቦ፣ አድርቆ አመጣልኝ፤ እንዳላመሰግነው ተናደድኩ፣ እንዳልቆጣው ምን አጠፋ? ባቃጥለው አይመለስም ነበር። ክብሪቱን ጭሬ አየሁት፤ ያቺ ሕፃን በእነዚያ በወለቁ ጥርሶቿ ትስቅብኛለች። የሰውን ልጅ ሳቅ እሳት ውስጥ መክተት እጄ እምቢ አለ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይባላል፤ የእኔ ላም ግን እዚሁ ደረት ኪሴ ውስጥ ናት፣ ወተቷን ነው ያላየሁት።

በመጨረሻ መላውን ያመጣችው ልጄ ናት። ጠዋት የእናቷን ቀሚስና የእናቷን ጫማ ታደርጋለች፣ ፀጉሯን እንደ ትልቅ ሰው ታስራለች፣ ዩኒፎርሙን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች፤ እንደ ማንኛውም ጎልማሳ ሙሉ ሒሳብ ከፍላ ትሳፈራለች፤ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለችው የፎቶ ኮፒ ቤት ከመጋረጃ ጀርባ ገብታ ተማሪ ሆና ትወጣለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በተቃራኒው። በእርስዎ ነጻ ካርድ ምክንያት ከአሁን በፊት ከፍለነው የማናውቀውን የአዋቂ ዋጋ እየከፈልን መሆኑን ለዓመታዊ ሪፖርትዎ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው የማነሳው።

አራተኛ፦ አራተኛውን ጽፌው ነበር፤ ባለቤቴ አንብባ ይህ ለአደባባይ አይሆንም ብላ አስወጣችው። ወደ አምስተኛው እሻገራለሁ።

አምስተኛ፦ በዚህ ሳምንት መጀመሪያ በስልኬ ላይ የደረሰኝ መልእክትዎ ነው። የልጄ ካርድ ከተሰጠ ጀምሮ ጥቅም ላይ ባለመዋሉ ተማሪዋ ትምህርቷን እንዳቋረጠች ተቆጥሮ ስሟ ለትምህርት ቤቱ መተላለፉን ያበሥረኛል። ስለ ትጋትዎ አድናቆቴ ወሰን የለውም፤ ፊቷን ለማየት ጊዜ ያጣ ክፍል መቅረቷን ለማየት ጊዜ አግኝቷል። ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሮጥኩ። እሳቸውም ልጅቱ በየቀኑ ክፍል ውስጥ እንዳለች በዓይናቸው እንደሚያዩ፣ ነገር ግን ሲስተሙ አቋርጣለች ስለሚል ከቢሮዎ ማረጋገጫ ደብዳቤ ካልመጣ ለፈተና ሊያስመዘግቧት እንደማይችሉ በሐዘን ገለጹልኝ። ወደ መስኮትዎ ሮጥኩ። ደብዳቤው የሚጻፈው ካርዷን ለምትጠቀም ተማሪ ነው ተባልኩ። ትጠቀምበት ብል፣ በሰው ፎቶ መጠቀም ያስቀጣል ተባልኩ። እንዲያው እኔው ይዤው ልሳፈርና አውቶቡሱ ውስጥ ያለው የካርድ ማንበቢያ ማሽን ላይ ላስነካው ብዬም አስቤ ነበር፤ በዚህ ጺሜ ጥርሰ ወላቃ ሕፃን ነኝ ብዬ የማሳምነው ትኬት ቆራጭ ማግኘት ስለሚቸግር ተውኩት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል እሰማ ነበር፤ አሁን አብዬም እምዬም የማያውቁት እከክ እኔ ላይ ቀርቷል።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን ቀልጄ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ ፀጉር ቤት የሚውል ሰው አፉ አያርፍም። ይህን ግን ያለ ቀልድ ነው የምጽፈው። የፈተናው ስም ዝርዝር በዚህ ሳምንት መጨረሻ ይዘጋል። ልጄ ከክፍሏ አንደኛ ባትሆንም ከሰው ኋላ ቀርታ አታውቅም፤ ዓመቱን ሙሉ ከመጋረጃ ጀርባ ልብስ እየቀየረች የተማረችው ለዚህች ፈተና ነው። ካርድ አልጠይቅም፣ ገንዘብም አልጠይቅም፤ ይህች ልጅ ተማሪ ናት የሚል አንድ መስመርና ማህተምዎን ብቻ እጠይቃለሁ። ከስንት ሰው ፀጉር ጋር ስታገል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አንድ መስመር ጽሑፍ የምለምንበት ቀን ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ፈራሁ። እውነቱ ይኸው ነው።

ስለ ሰጡን፣ ስለ ነፈጉን፣ ሰጥተውም ስለ ነፈጉን ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ከእኔ መስተዋት ፊት ለመቀመጥ ቢፈቅዱ ቢያንስ የራስዎን ፊት አሳይቼ እንደምሸኝዎ ቃል በመግባት፣

ሁልጊዜም ደጅዎ ላይ የማይጠፋው፣
ከፌርማታው ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ፣
ፊቷ ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረባት ተማሪ አባት

ግልባጭ፦
ልጅ ያድጋል ላሉት የመስኮቱ ሠራተኛ
የማሳድጋቸው አሉኝ ላለው ትኬት ቆራጭ
ባለችበት ጥርሷ በቅሎ ከሆነ፣ ለሕፃኗ

ከፊርማዬ በታች የተጨመረ፦ ባለቤቴ ገበያ ወጥታለችና አራተኛውን መልሼ አስገባሁት። ባለፈው ሳምንት አውቶቡስዎ ውስጥ የእኔን ዕድሜ የሚያህል ሰው በእናቷ ቀሚስ የተቀመጠችውን ልጄን ተጠግቶ ባል እንዳላት ጠየቃት፤ ስትወርድ አብሯት ወርዶ እስከ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ተከተላት። ልጅ ነኝ፣ ተማሪ ነኝ ብላ አውቶቡሱ ውስጥ እንዳትጮህ፣ ተማሪ ነኝ ካለች የምትወርደው እሷ ናት። ለእኔ አልነገረችኝም፣ ለእናቷ ነው የነገረቻት። ካርዱን አሁን መስተዋቴ ጥግ ላይ ሰክቼዋለሁ። ደንበኞቼ ይህች ሳቂታ ማን ናት ሲሉኝ ልጄ ናት እላቸዋለሁ፤ በቤታችን ልጅ የሚመስል ፊት የቀረው እሱ ብቻ ነው።