«አስተካከልኩት» ያልከኝ ደብተር

ውድ ወንድሜ ሊቁ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ተናድጃለሁ፤ ጤናህን መጨረሻ ላይ እጠይቅሃለሁ።

ስድስት መቶ እንቁላል ተበላሸብን። ጫጩት ሊሆኑ ሦስት ቀን ሲቀራቸው! ኃላፊው ጠርቶኝ አንተ የላክህለትን የሙቀት መስመር በኮምፒውተሩ አሳየኝ። ለጥ ያለ ነው።

«ይኸው፣ ወንድምሽ ከራስሽ ደብተር የሠራው። የመፈልፈያ ማሽኑ ሙቀት አንድ ቀንም ዘሎ አያውቅም። ታዲያ እንቁላሉን ማን ቀቀለው? የነካካሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። ጥፋተኛ ነኝ ብዬ ዓርብ እንድፈርም ወረቀት አዘጋጅቷል። ከፈረምኩ ሥራዬን ደህና ሰንብት ማለት ነው።

ያንን ደብተር እኮ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመፈልፈያ ማሽኑን ጠባይ በኮምፒውተር ልሥራው፣ ሙቀቱን መዝግቢልኝ ስትለኝ ሁለት ወር ሙሉ መዘገብኩ። ሰላም ሲሆን ሠላሳ ሰባት ተኩል ነው፣ በሰዓት አንዴ እጽፋለሁ። የማሽኑ ማራገቢያ ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን በየሁለት ደቂቃው፤ አንድ እጄ በሩን ከፍቶ፣ አንድ እጄ እስክሪብቶ ይዞ። ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ!

ታዲያ መስመሩ ለምን ለጥ አለ ብዬ ደውዬ ስጠይቅህ ምን አልከኝ?

«እታለም፣ አጻጻፍሽ አንዴ ይራራቃል፣ አንዴ ይጠጋጋል። ሞዴሉ የሚፈልገው እኩል እኩል ነው። አስተካከልኩት።»

«ምኑ ጠምሞ?»

«ሰዓቱ ሲሞላ ያለውን ቁጥር ብቻ ወሰድኩ። የመሃሉን ተውኩት።»

አይ አንተ! ነገሩ ያለው እኮ መሃሉ ላይ ነው! ሰዓቱ ሲሞላማ እኔ ማራገቢያውን አስነስቼ፣ ማሽኑን አብርጄ፣ ግንባሬን ጠርጌያለሁ። አንተ የወሰድከው ላቤ ከደረቀ በኋላ ያለውን ነው። በዚያ ተማምነህ ማሽኑን በሰዓት አንዴ ብቻ ሙቀት እንዲያይ አደረግኸው። እኔንም «ከእንግዲህ ራሱን ይጠብቃል» ብለው ትሪ አጣቢ አደረጉኝ። ማክሰኞ ትሪ ልወስድ ስገባ ማራገቢያው ቆሟል፣ ክፍሉ እሳት ነው። በመዳፌ መታ አድርጌ አስነሳሁት። ሰዎቹ ሲደርሱ ይሽከረከራል፤ ማን ይመነኝ?

ልጅ ሆነህ ሲያተኩስህ ግንባርህን በሰዓት አንዴ አልነበረም የምነካው፣ ሊቁ።

አሁን ደብተሩን እንደገና አውጣ። የተጠጋጋውን እንደተጠጋጋ፣ የተራራቀውን እንደተራራቀ አድርገህ መስመሩን ሥራና ለኃላፊው ላክለት። ከሥሩም «የመሃሉን ቁጥር የጣልኩት እኔ ነኝ» ብለህ ጻፍ። እስከ ሐሙስ እጠብቅሃለሁ፤ ብትልክም ባትልክም ግን ዓርብ አልፈርምም።

ጤናህስ እንዴት ነው?

ያልተስተካከለችው እህትህ