ስፌቴን የነካኩ እጆች

ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንዴት ከርመሻል? ያ የሚያስቸግርሽ ወገብሽስ እንዴት ሆነ? የእማዬ ዓይን ተሻላት ወይስ አሁንም ክሩን በመርፌው የምታስገቢላት አንቺ ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ለእማዬ እንዲህ በያት። አንቺን ግን አልዋሽሽም። ደህና አይደለሁም፣ እታለም፤ በጣም ፈርቻለሁ።

ሴት ልጅ ወልጃለሁ። እሷስ ተመስገን ደህና ናት። የሽርት ውሃዬ የፈሰሰው ፋብሪካ ውስጥ፣ የስፌት ማሽኔ ላይ እንደተቀመጥኩ ነው። የጀመርኩትን ኮሌታ ሳልጨርስ አልሄድም አልኩ፤ ግትርነቴ ከአባባ የወረስኩት መሆኑን ታውቂያለሽ። አንዱ ኮሌታ ሌላውን እየጎተተ ሰዓቱ ነጎደ፤ ቤት ገብቼም ምጡ ይፋፋም ብዬ አደርኩ። ሆስፒታል ስደርስ ምጡ አልገፋ አለ። ተማሪውም ሐኪሙም እየተፈራረቀ በእጁ መረመረኝ፤ በኋላ የልጅቷ የልብ ምት ደከመ ተባለና እየተሯሯጡ በኦፕራሲዮን አዋለዱኝ።

የፋብሪካ ጓደኞቼ ሊጠይቁኝ መጡ። ሌላ ሰው ሕፃን ያያል፤ እነሱን ስፌት ማየት አማራቸው። ዕድሜያችንን ያስረከብነው ለክርና ለመርፌ አይደል? እኔም እንደ አዲስ ቀሚስ ልኩራራ ብዬ ፕላስተሩን ገለጥኩላቸው። ሜትሬ የምንላት ልብስ ለኪያችን በጣቷ እየዳሰሰች፣ «ይሄ ዶክተር እኛ ጋ ቢቀጠር የሙከራ ጊዜውንም አያልፍ» አለች። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ያንኑ ፕላስተር መልሰን ለጠፍነው።

ከዚያ ወዲያ ትኩሳት ያዘኝ። ቁስሉ ቀላ፣ መግል ቋጠረ፤ ሽታው ለራሴ ከበደኝ። ለምትከታተለኝ ሐኪም እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችኝም። ውሃው ከፈሰሰ በኋላ መቆየቴ፣ የምጡ መርዘም፣ ደም ማነሴ፣ የምርመራው መደጋገም፣ ሁሉም ለቁስሉ መመረዝ በር ይከፍታል አለችኝ። ዝቅ ባለ ድምፅም፣ «የጓደኞችሽ እጅ ብቻ አይደለም፤ የእኛም እጅ አለበት» አለች። ይህን ስሰማ ይብስ ጨነቀኝ። ጥፋተኛው አንድ ቢሆን እሱን እየረገምኩ እጽናና ነበር።

አሁን ስፌቱን ፈተውታል። መልሰው ሳይሰፉት፣ ከውስጥ እየሞላ እስኪመጣ ክፍቱን ይቆያል አሉ። ያልተሰፋ ነገር ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ወደዚያ ማየት አልችልም። ትኩሳቱም በመድኃኒት አልበርድ ብሏል። ዛሬ ዳግም ኦፕራሲዮን ክፍል ያስገቡኛል፤ ማሕፀኗ ተመርዞ ከሆነ እናወጣዋለን ብለው ባለቤቴን አስፈርመውታል። እሱ በር ላይ ቆሞ ይስቅልኛል፤ ሳቁ ከለቅሶ ይከፋል።

እባክሽ ነይ። ሥራ አለ፣ መንገዱ ሩቅ ነው አትበይኝ። እኔ ካልተነሳሁ ልጄን አደራ ልልሽ ነበር ብዕር ያነሳሁት፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። አባባን፣ ግትርነትህ ደርሶኛል በይው፣ ይስቃል። ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ልጆችሽን አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ባለቤቴም እጅ ይነሳል።

ልጅቷም ሰላም ትላችኋለች። ስሟን እንዳልጽፍልሽ ገና አላወጣሁላትም። ነርሷ በየጠዋቱ ትጠይቀኛለች፤ እኔም ነገ እላታለሁ። የጀመርኩትን ሳልጨርስ አልሄድም፣ እታለም።

ታናሽ እህትሽ
ከሆስፒታሉ የወላዶች ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ካለው አልጋ
ሐሙስ ጠዋት