መምህርት ትርሲት አስናቀው ያልፈረሙበት ወረቀት

«እማዬ፣ ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ ብዬ ልፈርም?» ልጄ መምህርት ትርሲት አስናቀው በ1999 ዓ.ም. ከሞጣ ብቸና መጥተው ይህን ጠየቁኝ። እኔ እናታቸው ፈንታነሽ ነኝ። አንቺ እያልኩ ያሳደግኋቸውን ልጅ ዛሬ በወጉ በአንቱታ እጽፋለሁ።

መምህርት ትርሲት ከአባታቸው ከአቶ አስናቀው ፋንታ እና ከእኔ ኅዳር 12 ቀን 1971 ዓ.ም. በብቸና ከተማ ተወለዱ። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው ተከታትለው፣ በ1990 ዓ.ም. ባሕር ዳር ገብተው በ1994 ዓ.ም. በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ በዲግሪ ተመረቁ። የመመረቂያ ጽሑፋቸው በቅኝ ግዛት ዘመን ስለነበረው የፊሊፒንስ ሥነ ጽሑፍ ነበር። ጎረቤት «ስለ ብቸና የሚጻፍ ጠፍቶ ነው?» እያለ ሲቀልድባቸው፣ «እነሱን ሳነብ ብቸና ያለሁ ይመስለኛል» ይሉ ነበር። ያ ሕዝብ በዐቢይ ጾም በየቤቱ ተሰብስቦ የጌታን ሕማም በገዛ ቋንቋው በግጥም ያዜም እንደነበር፣ ስፔኖች ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሲገዙት የመነኮሳቱን በደል በመጽሐፍ የገለጠ ሰው እንደ ወንበዴ ይታደን እንደነበር የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው።

በተመረቁበት ዓመት ሞጣ በመምህርነት ተቀጠሩ። በ1996 ዓ.ም. የሥራ ባልደረባቸውን አቶ ያለውን አግብተው፣ በዓመቱ ሰብለ ወንጌልን ወለዱ።

በ1999 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱ የሥነ ጽሑፍ ክበብ እርሳቸው የጻፉትን ተውኔት አሳየ። አሜሪካኖች ፊሊፒንስን ከስፔን ተቀብለው ሲገዙ የሕዝቡን ባንዲራ ከልክለው ነበር። ያኔ የዚያ አገር ተዋንያን ቀይ፣ ሰማያዊና ነጭ ለብሰው በየፊናቸው ይቆሙና፣ በመጨረሻ ሲጠጋጉ የተከለከለው ባንዲራ መድረክ ላይ ይታይ ነበር። ልጄም ተማሪዎቹን እንደዚያ አሠሯቸው። ልብሱን በነጻ የሰፉት የሞጣዋ ልብስ ሰፊ ወ/ሮ ኸይራት ናቸው።

ልጆቹ ሲጠጋጉ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የመጡ አንድ ኃላፊ ብድግ ብለው «ይህ የየትኛው ፓርቲ ባንዲራ ነው?» አሉ። «የፊሊፒንስ ነው፣ ጋሼ» አለች አንዷ ተማሪ። «እና ማን ፈቀደላቸው?» አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ኃላፊው ያንን ሳቅ አልረሱም።

መምህራኑ ግምገማ ተቀመጡ። በዋዜማው ሲያጨበጭቡ ያመሹት ሰዎች እየተነሡ «እኔ እንኳ ድሮም ጠርጥሬ ነበር» አሉ። ልጄ ሕዝብ ለማነሣሣት አስቤ ነው ብለው ግለ ሂስ እንዲያደርጉና እንዲፈርሙ ታዘዙ። ቅዳሜ ብቸና የመጡት ያኔ ነው። እኔ ፈሪዋ «ልጅ አለሽ፤ ፈርመሽ ተገላገይ» አልኳቸው። ያን ጥያቄ የጠየቁኝ ይህን ጊዜ ነው። ሳይፈርሙ ተመለሱ።

በሁለተኛው ቀን አቶ ያለው መጡ። «እናቴ፣ ለትርሲት ይቅርታ የሚጠይቅ የቤተሰብ ማመልከቻ ነው» ብለው ወረቀት ዘረጉ። ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። አውራ ጣቴን ቀለም ነክረው አስፈረሙኝ፤ እኔም መርቄ ሸኘኋቸው። በማግሥቱ ወረቀቱ ግምገማው ላይ ተነበበ። «ልጄ በቤቴ ሳይቀር መንግሥትን ትሳደባለች፤ ብመክራት አልሰማ አለችኝ» ይላል። ይቀጡ የሚል እጅ ሲጠየቅ ከሁሉ ቀድሞ የወጣው የባላቸው እጅ ነበር።

መምህርት ትርሲት ግንደወይን ገጠር ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። እኔን አንድ ቀን ክፉ አልተናገሩኝም። «የፊሊፒንስ ገበሬም በማያነበው ቋንቋ በተጻፈ ወረቀት ይከሰስ ነበር» ብለው የፊደል ገበታ አመጡልኝ። በሃምሳ ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። በ2003 ዓ.ም. የዚያን ወረቀት ቅጂ ከልጄ ሣጥን አውጥቼ፣ ቃል በቃል እያንተባተብኩ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ከዚያ ተፋሁበት። የጣቴ አሻራ ከሥሩ እስከ ዛሬ አለ።

ልጄ ከማስተማር ሥራቸው ጎን ለጎን ስለ ፊሊፒንስ ሥነ ጽሑፍ በአማርኛ አራት ደብተር ሙሉ ጽፈዋል። ሦስቱን አንብቤያለሁ፤ አራተኛውን ጀምሬያለሁ።

በ2008 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመው ባሕር ዳር ሲታከሙ ቆዩ። ጥር 18 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በ38 ዓመታቸው ብቸና እቤቴ አረፉ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው ሰብለ ወንጌልና እኔ ከኋላቸው አለን። ምስክር የማይገዛበት ዳኛ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለልጃቸውም ዕድሜ ይስጥልን።

በሕመማቸው ስምንት ወር ወ/ሮ ኸይራት የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው ከሞጣ መጥተው፣ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ከአልጋቸው ሥር አልተለዩም። አቶ ያለው ልጄ ግንደወይን በተላኩበት ዓመት ሹመት አግኝተው ወደ ባሕር ዳር ሄደዋል፤ አልተመለሱም።