ማንም አልጠየቀኝም

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ ቁልቁለቱን መውረድ ጀመረ ወይስ አሁንም ወደ ምንጩ ሰው ነው የምትልኪው? የወተት ጎሻችን ወለደች? ካትማንዱ አቧራዋ ብሶባታል። እኔ ደህና ነኝ፣ ድካም ብቻ ነው። ታናሽ ወንድሜ ኪሾርም ትናንት ኩላሊቱን ታጥቦ መጥቶ ተኝቷል። ምስር ሠርቼለት ሦስት ማንኪያ ቀመሰና "ምስሩም ጨው የለው፣ አንቺም ጨው የለሽ" ብሎ አሾፈብኝ። ስቆ ነበር፣ እሱን ልንገርሽ ብዬ ነው።

አሁን የምጽፍልሽን በስልክ ያልነገርኩሽ ስልክሽ ግቢውን ስለሚዞር ነው። አንዴ ሃሎ ካልኩ፣ አክስቶቼ ሁሉ ሰምተው አስተያየት ሰጥተውበት ነው ወደ አንቺ የሚመለሰው። ፊደል የቆጠርሽው ለእንዲህ ያለ ቀን ነውና ቀስ ብለሽ፣ ለብቻሽ አንብቢው።

ጥናቴን ታውቂዋለሽ። ሰው ሲታመም እሱም ቤተሰቡም ምን ያስባሉ፣ እንዴት ይወስናሉ የሚለውን ነው ሁለት ዓመት ሙሉ የምማረው። አንቺ ለጎረቤት "ግማሽ ዶክተር ናት" እያልሽ ታወሪያለሽ። ለመመረቂያዬ ለዘመዶቻቸው ኩላሊት የሰጡ አሥራ አራት ሴቶች አነጋገርኩ። ሁሉንም "እንድትሰጪ የጠየቀሽ ሰው ነበር?" እላቸዋለሁ። ሁሉም "ኧረ ማንም አልጠየቀኝም" ይሉኛል። ዲልማያ የምትባል አለች፣ ለባሏ የሰጠች። እሷን ሳነጋግር አማቷ አጠገቧ ቁጭ ብለው መንደሪን ይልጡ ነበር። "ማን ይጠይቀኛል፣ እኔው ነኝ የተነሳሁት" አለችኝ። አማትየው አንድ ፍልቃቂ እያቀበሉኝ "ከእኛ አፍ ቃል አልወጣም፣ የገዛ ልቧ ነው" አሉ። እኔም መንደሪኔን በልቼ "በፈቃዷ" ብዬ ጻፍኩ። አሥራ አራቱንም እንደዚያው ጻፍኩ። አማካሪዬ ዶክተር ፕራቲማ ምዕራፉን አንብበው "ጥርት ያለ ሥራ ነው" ብለው አመሰገኑኝ።

ባለፈው ሳምንት ተራው የእኔ ሆነ። የእኔ ኩላሊት ለኪሾር እንደሚገጥም በምርመራ ስለታወቀ፣ ለጋሾችን የሚያጣራው የሆስፒታሉ ኮሚቴ ፊት አቀረቡኝ። አንዲት መነጽር ያደረጉ ሴትዮ ያንኑ የእኔን ጥያቄ ጠየቁኝ። "ማንም አልጠየቀኝም" አልኩ። አልዋሸሁም። ደስ ብሏቸው ጻፉት። ከጠረጴዛው ማዶ ተገልብጦም ቢሆን አነበብኩት፣ "በፈቃዷ" ይላል።

እውነት ነው እማዬ፣ አልጠየቅሽኝም። እህት ለወንድሟ ዕድሜ በምትለምንበት በባይ ቲካ በዓል ዕለት፣ የወንድሞቼን ግንባር ቀለም ቀብቼ፣ ሞት እንዳያልፍ ዘይቱን ዙሪያቸውን አፍስሼ፣ የዋልነቱን ፍሬ ደጃፍ ላይ ስሰብር "የዚህ ልጅ ዕድሜ በእህቱ እጅ ነው" አልሽ። ለእኔ አላልሽም፣ ለግድግዳው ነው ያልሽው። አክስቶቼ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ። ታላቅ ወንድሜን ቢጃያን ያየው ሰው የለም፣ እሱ ጉንጩን ሞልቶ የበዓሉን ቂጣ፣ ሴል ሮቲውን ይበላ ነበር። የእሱም ደም ያው የኪሾር ዓይነት ነው፣ ወረቀቱን አብረን ነው ያየነው። ከዚያ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር ኪሾር ስለተከለከለ አንቺም ጨው መተውሽን ትነግሪኛለሽ። ቢጃያ ጂፕ ስለሚነዳ ጎኑን መጠበቅ እንዳለበትም ትነግሪኛለሽ። ምን ልደብቅሽ፣ ተናድጄብሻለሁ። መናደዱ ራሱ አድክሞኛል።

ከኮሚቴው ስወጣ አንድ ሐኪም ለብቻዬ ጠርቶኝ በሩን ዘጋ። "ካልፈለግሽ ለቤተሰብሽ አልገጠመም እንላቸዋለን፣ ምክንያቱን ማንም አያውቅም" አለኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለራሴ ብቻ አይደለም፣ ከአሥራ አራቱ አንዷን እንኳ በር ዘግቼ ጠይቄ አላውቅም። ምዕራፉን ጣልኩት። ዶክተር ፕራቲማ "ምነው ልጄ፣ ለመመረቅ ሁለት ወር ቀርቶሽ?" አሉኝ። ከዲልማያ ጀምሬ እንደገና ልጠይቅ ነው አልኳቸው።

ለሐኪሙ ገና አልመለስኩለትም። አሥር ቀን ሰጥቶኛል።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። መጀመሪያ ቢጃያን ጠይቂው። በጨው አይደለም፣ በግድግዳው በኩልም አይደለም፣ ስሙን ጠርተሽ ጠይቂው። እምቢ ሊል ይችላል። እምቢ ካለሽ አውቶቡስ ተሳፍረሽ ነይ፣ ኪሾርን ሻይ ቤት እንልከዋለን፣ በሩን ዝጊና እኔን ጠይቂኝ። "ልጄ፣ ለወንድምሽ ስጪልኝ" በይኝ። እምቢ ማለት እንደምችል አውቀሽ ጠይቂኝ።

አምላካችን ፓሹፓቲናት ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ጎሻችንንም በሰላም ያገላግላት። መንገዱ ይበርዳልና ሹራብሽን ያዢ። ስትመጪ አልጋዬ ሥር ቦርሳ ታገኛለሽ። ሁለት ሰፊ ቀሚስ፣ ነጠላ ጫማና ፎጣ አለበት፣ ለሆስፒታል የሚበቃ ነው። ብቻ ሳትጠይቂኝ እንዳትከፍቺው።

ብቸኛዋ ሴት ልጅሽ